ከኑዛዜ በኋላ የሚቀረው ዕዳ

ብዙዎቻችን ተናዘን ካህኑ የሰጡንን ቀኖና ከፈጸምን በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ኃጢአታችን እንደ ተሰረየልን ማመናችን ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ያረሰ ሰው ንስሐ ገብቶ ሲመለስ ያንኑ ትልም ማረሱን ቢቀጥል፣ ንስሐው በምን ይታወቃል? በየዐቢይ ጾሙ ያንኑ በደል ይዘን የምንመለሰውና በመንፈሳዊ ሕይወት የማናድገው ብዙ ጊዜ የበደሉ ትርፍ በእጃችን ስለ ቀረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 1459) ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ያስተምረናል። በካህኑ አማካይነት የምንቀበለው ሥርየት ኃጢአትን ያስወግዳል፤ ኃጢአቱ ያስከተለውን ጉዳት ሁሉ ግን አይጠግንም። ስለሆነም የተሰረቀው ይመለሳል፣ የጠፋው ስም ይታደሳል፣ የተጎዳውም ይካሳል።

ዘኬዎስን እናስታውስ (ሉቃ. 19፥1-10)። በኦሪት ሕግ በደሉን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ይመልስ ነበር (ዘኁ. 5፥6-7)፤ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ግን አራት እጥፍ ይከፍል ነበር (ዘጸ. 22፥1)። ዘኬዎስ በራሱ ላይ የፈረደው ከባዱን፣ የሌባውን ቅጣት ነው። ጌታ ግን ይህን አድርግ ብሎ አላዘዘውም፤ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ። ካሳው የምሕረት ፍሬ እንጂ ምሕረትን የሚገዛ ዋጋ አልነበረም። እኛ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናትን ለመጀመሪያ ኑዛዜ ስናዘጋጅ ይህን ቅደም ተከተል እንዳናዛባ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

መሬትና ገንዘብ መመለስ ይከብዳል፤ ስም መመለስ ግን ይብሳል። በእድር ወይም በገበያ ስለ ባልንጀራችን የተናገርነው ሐሰት ስንት ጆሮ እንደ ደረሰ አናውቅም። ቢሆንም በሰሙን ሰዎች ፊት ቃላችንን ማንሣት ይጠበቅብናል። «እውነት ነው የተናገርሁት» የሚል ሰበብም አያድነንም፤ ያለ በቂ ምክንያት የሰውን ጉድለት መግለጥ ራሱ በደል ነውና። ተበዳዩ ሞቶ እንደሆነ ንብረቱ ለወራሾቹ፣ ማንነቱ ፈጽሞ ካልታወቀ ለድሆች ይሰጣል። የሚመልሰው ያጣ ሰው ከዐቅሙ በላይ አይጠየቅም።

ጌታ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዞናል (ማቴ. 5፥23-24)። በግእዝ ሥርዓት የሰላም ሰላምታ ከፍሬ ቅዳሴው በፊት መሆኑ ይህንኑ ትእዛዝ ያስታውሰናል።

አንዳንድ ምዕመናን «ጠባችንን በኑዛዜ ነግረናቸው ካህኑ ሳያስታርቁን ቀሩ» ሲሉ ይሰማል። የኑዛዜ ምሥጢር ፈጽሞ የማይጣስ በመሆኑ ካህኑ በዚያ በሰሙት ተነሥተው ሽማግሌ ሊልኩ አይችሉም። ሽምግልና ስንፈልግ ከኑዛዜ ውጭ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ወይም በቤታቸው ቀርበን ጉዳዩን ራሳችን እንንገራቸው፤ ያን ጊዜ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ሊረዱን ይችላሉ።