ተስፋ ስለ ቈረጠ ወጣትና ስለ ንስሐ አባቱ

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቍጣ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን እንደ ለመነ ሁላችንም እናውቃለን። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፥ ዳግመኛም ተኝቶ እንዲያርፍ ተወው። የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ኋላ በኮሬብ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል።

ይህን ማንሣታችን በአሜሪካ ስለሚያድጉ ልጆቻችን ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚያገለግሉ ካህናት፥ ወደ መሰል ጾታው እንደሚያዘነብል ወይም ጾታው ከአካሉ የተለየ ሆኖ እንደሚሰማው የሚናገር ወጣት ሊመጣባቸው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አንባቢ ያውቀዋልና አንመላለስበትም፤ የምንናገረው ስለ ልጁ ሕይወት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መሰል ጾታን ማፍቀርን በ1990 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል። ልጁን የሚያደክመው መናቅ፥ መደበቅና መፍራት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 224 እንዲህ ያሉ ወጣቶች ጠይቀው በ2009 ባወጡት ጥናት፥ ቤተ ሰቦቻቸው አጥብቀው ከገፏቸው መካከል ራሳቸውን ለመግደል ሞክረናል ያሉት፥ እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ከ8 እጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። የተጠየቁት ነጮችና ላቲኖች እንጂ የሐበሻ ልጆች አልነበሩም፤ ነገር ግን አባቱ የዘጋበት በር ለየትኛው ልጅ ይቀልለዋል? መግፋት ማለትም ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም፤ ከዘመድ ጉባኤ ማስቀረት፥ ዕለት ዕለት መስደብም መግፋት ነው።

እንግዲህ ካህኑ አስቀድሞ ይስማ። ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህን ብሎም በግልጥ ይጠይቅ፤ መጠየቅ አሳቡን ያመጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፥ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለ ዝንባሌው የሰማውን ለወላጆቹ አይንገር፤ ባልተዘጋጀ ቤት የተገለጠ ምስጢር ልጁን በአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላልና። የሞት አሳብ ካደረበት ብቻውን አይተወው፤ በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ በ988 ቍጥር ቀንም ሌሊትም ስልክ የሚያነሣ አለና፥ አብሮት ተቀምጦ ይደውል። ጠበል ልጁ ወዶ ሲሻው በረከት ነው፤ በግድ መውሰድ ግን ሌላ ቍስል ይጨምራል፥ ሐኪሙንም አያስቀር።

ወላጆቹ ነገሩን ዐውቀው መጥተው ከቤት እናስወጣው ወይ ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ አጭር ነው፤ አይወጣም። ማዕዱ እንደ ቀድሞው ይቅረብለት፥ አልጋውም በቦታው ይሁን፤ የቀረውን በኋላ በዕርጋታ ይነጋገሩበታል።