የዛሬ ትምህርት፦ ርካሽ ስፖንጅ ብረት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ መጋዘናችሁን እዩ

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ወጣ ብለን ብረት እንይ።

የኛ አገር ብረት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከውጭ በሚገባ ቢሌት ወይም በውዳቂ ብረት ነው። ውዳቂ ብረት ሲወደድ በዓለም ገበያ ምትክ ሆኖ የሚጠራው ዲአርአይ ወይም ስፖንጅ ብረት ነው። በቶን ረከስ ብሎ ሲቀርብ ያጓጓል። ግን ዋጋው ላይ የማይታይ ወጪ አለው፤ እሱም አያያዙ ነው።

📌 ለምን ያስቸግራል?
የብረት ማዕድኑ ሳይቀልጥ በጋዝ ወይም በከሰል ኦክስጅኑ ይወጣለታል። ኦክስጅኑ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አየር ሲያገኝ መልሶ ይዝጋል፣ ሲዝግ ይሞቃል፣ በክምር ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ይግላል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። የባሕር ውሃ ከሆነ ይብሳል።

ይሄ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አዳማንዳስ የተባለች መርከብ ጭነቷ ስለጋለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሬዩንዮን ደሴት አጠገብ አሰጠማት። በ2004 አይታን የተባለች መርከብ የዚሁ ብረት ብናኝ ጭና ኮሎምቢያ አካባቢ ፈነዳች፤ 6 መርከበኞች ሞቱ።

📌 ዋና ዋና ዓይነቶች
1. ኤ (ኤችቢአይ)፦ በትኩሱ ተጨምቆ የተጋገረ። ቀዳዳው ስለተደፈነ የተሻለ ነው።
2. ቢ፦ እንክብል ወይም ቁራጭ። እርጥበቱ ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ በመርከብ ላይ በናይትሮጅን ታፍኖ ነው የሚጓዘው። ለኤክስፖርት የሚዘጋጅ ቡና 11 በመቶ ገደማ እርጥበት እንደሚይዝ አስቡና አወዳድሩ።
3. ሲ፦ ብናኝ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ የአይታን ጭነትም ብናኝ ነበር።

በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ጭነት መርከብ ላይ አይጫንም።

📌 እዚህ ሲደርስስ?
ጭነቱ ከጅቡቲ የባሕር እርጥበት ወጥቶ የክረምት ዝናብ ውስጥ ይገባል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ቆርቆሮው የሚያፈስ መጋዘን ለጤፍ ኪሳራ ነው፤ ለዚህ ግን የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ፦
👉 ወለሉ ደረቅ ኮንክሪት፣ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን።
👉 ክምሩን ዝቅ አድርጉ፣ ሙቀቱን በየቀኑ ለኩ።
👉 ብናኙን ለዩ። ብየዳና ሲጋራ ክልክል ነው።
👉 የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳትለኩ ሰው አታስገቡ፤ ብረቱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።
👉 ከጋለ ውሃ አትርጩ። የጋለውን በሎደር ለይታችሁ ደረቅ ወለል ላይ በስሱ አሰራጩት።

📌 የዋጋ ትምህርቱ
የዛገ ዲአርአይ ንጹሕ ብረቱ ይቀንሳል፣ ለማቅለጥ የሚበላው መብራትም ይጨምራል። ስለዚህ ከውዳቂ ብረት ጋር ስታወዳድሩ የጅቡቲን ዋጋ አትዩ። ኢንሹራንሱን፣ ደረቅ ማጓጓዣውን፣ መጋዘኑን ደምሩና ምድጃ በር ላይ የሚደርስበትን ዋጋ አስሉ። ሻጩ ዓይነቱን፣ እርጥበቱንና የተመረተበትን ቀን በሰርተፊኬት ካላሳየ ርካሽነቱ ለእናንተ አይደለም።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልን። መልካም ገበያ!