የልጅን መዳፍ በጀሶ ማስቀረት

ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከሚያሠሯቸው የእጅ ሥራዎች መካከል ልጁም ወላጁም እኩል የሚደሰቱበት የመዳፍ ቅርጽ ነው። ልጁ መዳፉን ይጫናል፤ ቅርጹ በነጭ ጀሶ ይወጣና ቤት ተወስዶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፎቶግራፍ ፊትን ያሳያል እንጂ የእጅን ልክ አያስቀርም። በመስከረም የተሠራውንና በሰኔ የተሠራውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ መምህርም ስለ ዕድገት ብዙ መናገር አያሻውም፤ ልጆቹ ራሳቸው በክር ይለኩታል።

ታዲያ ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታይ ችላ የሚባል አንድ ነገር አለ። ይኸውም እጅ ጀሶ ውስጥ አይገባም የሚለው ነው። «ጀሶው ወፈር ሲል የልጁን እጅ ጫን ማድረግ ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ በዚህ አንስማማም።

የጀሶ ድንጋይ በአገራችን በዓባይ ሸለቆ፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ይገኛል። በውስጡ ውሃ አለው፤ ነገር ግን የሚጨመቅ ውሃ ሳይሆን ከድንጋዩ ጋር በኬሚካል የተያያዘ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣና ከገበያ የምንገዛው ነጭ ዱቄት ይሆናል። (በየቀኑ ጣታችንን የሚያነጣው ጠመኔም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከዚሁ ነው።) ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይወስዳል፣ ይጠጥራል፣ ሙቀትም ያወጣል። አስቸጋሪው ነገር ሙቀቱ ወዲያው አለመሰማቱ ነው። ሲበጠበጥ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚግለው ሲጠጥር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እጅ ተይዟል። ጀሶው በወፈረ መጠን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ የእጆቿን ቅርጽ ለማውጣት ብላ ሁለቱንም ጀሶ በያዘ ባልዲ ውስጥ ከተተች። ጀሶው ጠጠረ፤ እጇን ማላቀቅ አልተቻለም። ከቃጠሎው የተነሣ አብዛኞቹ ጣቶቿ ተቆረጡ። ትምህርት ቤቱም በ2009 በፍርድ ቤት ተቀጣ። እሷስ ትልቅ ልጅ ናት፤ የሰባት ዓመቱ አዲስ ገቢ መምህሩን ፈርቶ «አቃጠለኝ» ሳይል ቢቀርስ?

ስለዚህ እጅ የሚጫነው ጭቃ ላይ ነው፤ ጀሶ የሚፈሰው እጅ ከተነሣ በኋላ ነው። ጭቃው ከየትም የተዛቀ ሳይሆን የሸክላ አፈር ይሁን። የት እንደሚቆፈር የአካባቢውን ሸክላ ሠሪ እናት ጠይቁ፤ እሳቸው ስለ አፈር የሚያውቁትን ከመጽሐፍ አናገኘውም። ጠጠሩ ተለቅሞ እንደ ዳቦ ሊጥ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ጣት ላይ ከተለጠፈ ውሃው በዝቷል፣ ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ አንሷል ማለት ነው። ከዚያ ሳህን ላይ 3 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ይደለደላል። ልጁ ጣቶቹን ዘርግቶ መዳፉን ሲያስቀምጥ መምህሩ አስፈቅዶ የእያንዳንዱን ጣት ጀርባ በቀስታ ጫን ጫን ያደርጋል። 1 ሴንቲሜትር ከገባ ይበቃል። እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ወደ ጎን ከተጎተተ ጣቱ ጠማማ ይወጣል። አልሆነም? ጭቃውን ዳምጦ እንደገና! የጭቃ ደግነቱ ይሄ ነው። አልጫንም የሚል ልጅ ግን አይገደድ፤ ጓደኞቹን አይቶ ራሱ ይመጣል፣ ካልመጣም ቅጠል ይጫን።

ጀሶውን የሚበጠብጠው መምህሩ ብቻ ነው፤ ያውም አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከልጆቹ ራቅ ብሎ። ውሃው ይቀድማል፤ በ1 ኩባያ ውሃ ላይ 2 ኩባያ ጀሶ ቀስ እያለ ይነሰነሳል። አረፋ እንዳይዝ በዝግታ ይማሰላል። በጭቃው ዙሪያ የካርቶን አጥር ይታሠርና ከዳር በኩል ይፈሳል፤ ማንጠልጠያ የሚሆን የታጠፈ ሽቦም ሳይረጋ ይሰካበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭቃው ይላቀቃል። የተረፈውን ጀሶ ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፉ፤ እዚያም ይጠጥራል።

ስም የመጻፉን ነገር አስቡበት። ጭቃው ላይ በስንጥር የተጻፈ ፊደል ጀሶው ላይ ተገልብጦ ይወጣል፤ የ«ሱ» ቅጥያ ከቀኝ ወደ ግራ ትዞራለች። ፊደል በመልመድ ላይ ላለ ልጅ ይህ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ስሙና ቀኑ ጀሶው ረጋ ሲል ከጀርባው በምስማር ይጻፍ። ቀኝ እጅ ግን ቀኝ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እጁ ሁለት ጊዜ፣ ፊደሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገለበጥ ነው።

ወደ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ጣሳ ግማሹን በተበጠበጠ ጀሶ ሙሉና ቴርሞሜትር ከጣሳው ውጭ በጨርቅ አስጠግታችሁ እሰሩ። በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ያህል ንባቡን መዝግቡ፤ ሰንጠረዡንም ለዚሁ ግድግዳ አምጡልን።