ዓይንሽ ያላየውን አትተኩሺ

ምልልሱ የተደረገው ቨርጂኒያ፣ በአንድ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። አጎትየው በተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር ብዙ ዓመት የቆዩ ናቸው። የእህታቸው ልጅ የመሣሪያ አያያዝ ሥልጠናዋን ገና መጨረሷ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?

ጋሼ፦ እንደርስበታለን። ውድድሩ ምን እንደሚመዝን ሳታውቂ ስለ ሽጉጥ ብናወራ ትርፉ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የሽጉጥ ተኩስ አስተማሪው ጄፍ ኩፐርና ጓደኞቹ ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ተሰብስበው አይፒኤስሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት በአንድ ላይ እንዲመዘኑ ነበር የፈለጉት። እዚህ አሜሪካ ውድድሩን የሚመራው ዩኤስፒኤስኤ ነው። አንድ ቦታ ተተክለሽ ክብ ወረቀት አትመቺም። ከጥግ ወደ ጥግ ትሮጫለሽ፣ በመስኮት ትተኩሻለሽ፣ መንገድሽንም የምትመርጪው ራስሽ ነሽ። መጨረሻ ላይ ያገኘሽው ነጥብ በፈጀሽው ሰከንድ ይካፈላል። ውጤቱን ሂት ፋክተር ይሉታል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የፈጠነ ያሸንፋላ!

ጋሼ፦ ቆይ፣ እስቲ እናስላው። ኢላማው ሦስት ቀጠና አለው። በዝቅተኛው የጥይት ኃይል፣ ማይነር በሚሉት፣ ኤ 5 ነጥብ፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ያስገኛል። 12 ጥይት የሚጠይቅ አንድ ስቴጅ፣ ማለትም አንድ የውድድር ዙር፣ እንውሰድ፤ ሙሉ ነጥቡ 60 ነው። አንዷ ተወዳዳሪ ሁሉንም ኤ መትታ በ8 ሰከንድ ጨረሰች፤ 7.5 አገኘች። ሌላዋ አራት ሲ መታች፣ ነጥቧ 52 ሆነ፣ ግን በ6.5 ሰከንድ ጨረሰች፤ 8 አገኘች። እሷ በለጠች።

ወጣቷ፦ ያልኩት ነዋ!

ጋሼ፦ አሁን ደግሞ ያቺው ፈጣን አንዱን ኢላማ ሳተችው እንበል። የዚያ ጥይት 5 ነጥብ ቀረባት፣ በላዩ ላይ 10 ነጥብ ተቀጣች። 52 የነበረው 37 ሆነ። ለ6.5 ሲካፈል 5.7 እንኳ አይሞላም። በ8 ሂት ፋክተር አንድ ሲ የሚያስከፍልሽ ሩብ ሰከንድ ነው፤ አንድ መሳት ግን ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። መሳትሽን እዚያው ካወቅሽ ደግመሽ ለመተኮስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅብሽም። ሳታውቂው ካለፍሽ ግን ቅጣቱን ተሸክመሽ ሄድሽ ማለት ነው። ሩቅና አስቸጋሪ ኢላማ በበዛበት፣ ሂት ፋክተሩ 4 አካባቢ በሚሆንበት ስቴጅ ደግሞ የአንድ ሲ ዋጋ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ እዚያ ጋ ረጋ ብሎ ማነጣጠር ያዋጣል። ሒሳቡ ከስቴጅ ስቴጅ ይለያያል፤ ዓይንሽ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሥራ አለው።

ወጣቷ፦ መሳቴን እዚያው እንዴት ነው የማውቀው? ኢላማው ሩቅ ከሆነ ቀዳዳው አይታይም።

ጋሼ፦ ቀዳዳውን አትፈልጊ። ጥይቱ ሲወጣ ማነጣጠሪያው የት እንደነበረ ማየት አለብሽ። ቃታው ሲለቅ የፊት ማነጣጠሪያው ወይም ቀዩ ነጥብ ከኤ ላይ ከተነሣ መትተሻል። ወደ ግራ ወርዶ ከተነሣ ጥይቱም እዚያው ሄዷል። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ፣ ሽጉጡ ከእጅሽ ውስጥ ሲነሣና ሲመለስ እያየሽ መተኮስ ትማሪያለሽ። ብዙ ሰው በድምፁ ይደነግጥና በዚያች ቅጽበት ዓይኑን ይከድናል። ለእኔ የዚህ ስፖርት ትልቁ ችሎታ ይኼ ነው፣ ከሩጫውም ከመምዘዙም በላይ።

ወጣቷ፦ አያያዙስ? ሥልጠና ላይ የተለያየ ነገር ነው ያሳዩን።

ጋሼ፦ ቀኝ እጅሽን ከሽጉጡ ጀርባ የምትችይውን ያህል ከፍ አድርገሽ ያዢ። ግራ እጅሽ በቀረው ባዶ ቦታ ገብቶ አጥብቆ ይጭመቅ፤ ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ፊት ይመልከቱ። ሁለት ክንድ እኩል ወደ ፊት የሚዘረጋበትን ይህን አቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹ ብራያን ኢኖስና ሮብ ሌዘም ለውድድር አብቅተውት፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። የሚጨምቀው በይበልጥ ግራ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ከመጠን በላይ ከጨመቀ ቃታ የሚስበው ጣት ነፃነቱን ያጣና ሽጉጡን ይዞት ይዞራል። ርግጫውን ልታሸንፊው አትታገዪ። አያያዝሽ አንድ ዓይነት ከሆነ ሽጉጡ ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ወጣቷ፦ አሁንስ ስለ ሽጉጡ እንነጋገር?

ጋሼ፦ አሁን ይቻላል። 9 ሚሊ ሜትር ግዢ፤ ጥይቱ በየቦታው ይገኛል፣ ርግጫውም ቀላል ነው። ግሎክ 34 ቀላልና የማያስቸግር ነው። ሲዜድ ሻዶው 2 ደግሞ ብረት ነው፤ ከ1.3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ርግጫውን ይውጠዋል። እጅሽ ላይ የሚስማማሽን ያዢ። ዋናው በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ፕሮዳክሽን የሚባለው ምድብ ማሻሻያ ብዙ አይፈቅድም። ካሪ ኦፕቲክስ ላይ ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ትጠቀሚያለሽ፤ ዓይኑ ለደከመ እንደ እኔ ላለ ሰው በረከት ነው። ኦፕን ላይ ሁሉም ነገር ይፈቀዳል፣ ወጪውም እንደዚያው። ሽጉጥ ቢረክስ ችግር የለውም፤ ቀበቶና ማህደር ላይ ግን አትቆጥቢ። ቀበቶው ደረቅና የማይተጣጠፍ፣ ማህደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ካዝና ቢያንስ አራት ያስፈልግሻል። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳይኖርሽ ደግሞ ሜዳው ደጃፍም አትድረሺ።

ወጣቷ፦ እዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ምንድን ነው? ጥይት እቤትዎ ነው የሚሠሩት?

ጋሼ፦ አዎ፣ ለራሴ። ለሽያጭ መሥራት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለራስ መሥራት በፌዴራል ሕግ አይከለከልም። ሰው ጥይት የሚሞላው ለሁለት ነገር ነው፤ ለገንዘብና ለሽጉጡ የሚስማማ ጥይት ለማግኘት። የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም። ማሽኑ አሮጌውን መቀጣጠያ፣ ፕራይመሩን፣ ገፍቶ ያወጣል፤ ቀለሁን ወደ ቀድሞ ስፋቱ ይመልሳል፤ አዲስ ፕራይመር ይከትታል፤ ባሩድ ይለካል፤ አረሩን ያስቀምጣል፤ በመጨረሻ አፉን ያጠብቃል። እጀታውን በሳብሽ ቁጥር አንድ ጥይት ይወጣል።

ወጣቷ፦ ቀላል ይመስላል።

ጋሼ፦ አደጋው ያለው ቀላል ስለሚመስል ነው። 9 ሚሊ ሜትር ቀለህ የሚፈልገው ጥቂት ግሬን ባሩድ ብቻ ነው፤ አንድ ግሬን ከ0.065 ግራም ያንሳል። ፈጣን ባሩድ ከሆነ ሁለት እጥፍ ቢገባበትም ሳይፈስ ይይዘዋል። ያ ጥይት ሽጉጥሽን እጅሽ ላይ ያፈነዳዋል። ባሩድ ያልገባበት ደግሞ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜሉ መሃል ይተወዋል። ድምፁ ከወትሮው ደከም ይላል። እሱን ሳታስተውዪ ሌላ ከተኮስሽበት በርሜሉ ይበጣጠሳል። ስለዚህ መብራቱን አየሽው? ባሩድ ከሚገባበት በኋላ ባለው ቦታ ላይ በቀጥታ እንዲያበራ አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱን ቀለህ ውስጡን ሳላይ አረር አላስቀምጥበትም። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሰው ከጠራኝ እጀታውን ትቼ እነሣለሁ፤ ስመለስ በማሽኑ ላይ ያሉትን ቀለሆች አውጥቼ ባሩዳቸውን እደፋለሁ።

ወጣቷ፦ ልኬቱን ከየት ያገኙታል?

ጋሼ፦ ባሩድና አረር የሚሠሩ ድርጅቶች ካሳተሙት መመሪያ ብቻ። ጓደኛ የነገረሽን ልኬት አትሙዪ፤ የእኔንም ጭምር። መመሪያው ከሚሰጠው መነሻ ትጀምሪና በትንሽ በትንሹ ትጨምሪያለሽ። ሚዛንሽን በታወቀ ክብደት ትፈትሺያለሽ። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር፤ ባሩዱም ፕራይመሩም ከመጡበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጡ። የተተኮሰ ፕራይመር ውስጥ እርሳስ አለና ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቡናም ዳቦም አይቀርብም።

ወጣቷ፦ ለውድድር ግን ኃይሉ በቂ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ጋሼ፦ የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚሄድ ታባዢና ለ1000 ታካፍያለሽ። ፓወር ፋክተር የሚሉት እሱ ነው። ለማይነር 125 መሙላት አለበት። 124 ግሬን አረር በ1050 ጫማ ሲሄድ 130.2 ይሆናል። 147 ግሬን በ880 ሲሄድ 129.4 ገደማ። ቁጥራቸው ይቀራረባል፤ እጅ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ከባዱ አረር ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። ኦፕን ተኳሾች ተቃራኒውን ይመርጣሉ፤ አፈሙዙ ላይ ጋዝ ወደ ላይ የሚተፋ መሣሪያ ስላላቸው፣ ብዙ ጋዝ የሚሰጥ ዝግተኛ ባሩድና ቀላል አረር ይጠቅማቸዋል።

ወጣቷ፦ ታዲያ 125 ላይ ብሞላው ርግጫው ይበልጥ አይቀንስልኝም?

ጋሼ፦ ትልልቅ ውድድር ላይ ዳኞች ጥይትሽን ወስደው በፍጥነት መለኪያ ይፈትሹታል። ከ125 ካነሰ ነጥብሽ አይቆጠርም፤ ተኩሰሽ ብቻ ትመለሻለሽ። ባሩድ በብርድ ሊዳከም ይችላል፤ ሌላ መለኪያ ደግሞ ከአንቺው ትንሽ ሊለይ ይችላል። እኔ ከ128 በታች አልወርድም። ለስላሳነትን ከመጠን በላይ ማሳደድም ሌላ ጣጣ አለው፤ ደካማ ጥይት ተንሸራታቹን እስከ መጨረሻ አይገፋውምና ሽጉጡ ይነክሳል። አንድ ጊዜ መንከስ የሚያስከፍልሽን ሰከንድ ምንም ያህል ለስላሳ ጥይት አይመልስልሽም። ለውድድር የማዘጋጀውን ጥይት ሁሉ አንድ በአንድ የጥይት መጠን መለኪያ ውስጥ ከትቼ አየዋለሁ፤ ያልገባ ለልምምድ ይቀራል፤ ጭራሽ የተበላሸ ይፈታል።

ወጣቷ፦ ልምምዱ ራሱ ብዙ ጥይት አይበላም?

ጋሼ፦ ዋናው ልምምድ ጥይት የሌለበት ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ፤ ጥይት ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ማን እንዳለም አስቢ። ከዚያ መምዘዝ፣ ካዝና መለወጥ፣ ቃታ መሳብ። ቃታው ሲለቅ ማነጣጠሪያው ከተነቃነቀ ጣትሽ እየገፋው ነው። ካዝና ስትለውጪ ሽጉጡን ወደ ፊትሽ አቅርበሽ የካዝናውን መግቢያ ተመልከቺ፤ በጨለማ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው አትዳብሺ። ጣትሽ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቃታው ውጭ ነው።

ወጣቷ፦ ሜዳ ላይ ሲሮጡስ?

ጋሼ፦ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ሩጫው ላይ አይደለም፤ ከደረሱ በኋላ ሽጉጡን ለማንሣት በሚፈጀው ጊዜ ነው። እግርሽ ሳይቆም ሽጉጡ ዓይንሽ ፊት ይሁን፤ ኢላማው እንደተገለጠ ትተኩሻለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ስቴጁን የምትቃኚበት ጊዜ ይሰጥሻል። የት ቆመሽ የትኛውን እንደምትመቺ፣ ካዝና የት እንደምትለውጪ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስኪታይሽ ድረስ አጥኚው። ጥርጣሬ ይዞ የገባ ሰው መሃል ላይ ቆሞ ኢላማ ይቆጥራል።

ወጣቷ፦ እሑድ የመጀመሪያ ውድድሬ ነው። ከምንም በላይ የቱን ልጠንቀቅ?

ጋሼ፦ አፈሙዙን። ሜዳውን ከጎን ወደ ጎን ከሚያቋርጠው የ180 ዲግሪ መስመር ወደ ኋላ ካለፈ፣ ሽጉጥ ከእጅሽ ከወደቀ፣ ወይም ሳታስቢው ከተኮሰ፣ ውድድርሽ እዚያው ያበቃል፤ ይግባኝ የምትይበት ስሜት እንዳያድርብሽ፣ ዳኛው ያደረገው ልክ ነው። ወደ ኋላ በምታፈገፍጊበትና ካዝና እየለወጥሽ በምትሮጪበት ጊዜ ነው አፈሙዝ የሚሳተው። ዳኛው ቁም ካለ ዝም ብለሽ ቁሚ። አዲስ መሆንሽን ስትመዘገቢ ንገሪያቸው፤ ያግዙሻል። የሚያስፈልገው የጥይት ብዛት ማስታወቂያው ላይ አለ፤ ከሱ ላይ ጨምረሽ ያዢ፣ የምትስቺው አይጠፋምና። ከዚያ በዝግታ ተኩሺ።

ወጣቷ፦ ከሁሉም የመጨረሻ ብወጣስ?

ጋሼ፦ ትወጪያለሽ፣ ምን አለበት? የውጤቱን ዝርዝር ግን ይዘሽልኝ ነይ። ከእያንዳንዱ ስቴጅ በኋላ፣ ዳኛው ኢላማውን ሳይቆጥር በፊት፣ የትኛውን እንደሳትሽ ለራስሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገን ስንት ቦታ እንደተስማሙ እናያለን፤ የሚቀጥለውን ወር ልምምድሽን የማወጣው ከዚያ ነው።