ስደተኛ፣ መንገደኛ፣ ተሳፋሪ፦ የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት



በአማርኛ «ስደተኛ» ስንል አንድ ቃል ለብዙ ሰው ይበቃናል። ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረውም፣ ሥራ ፍለጋ ጂዳ የሄደውም፣ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የሰፈረውም ስደተኛ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ከመካከላችን ለስኮላርሺፕና ለቪዛ ፎርም የሚሞላ ብዙ ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅመናል።

ከቀላሉ እንጀምር። «ትራቨለር» በእግሩም ይሂድ በአውሮፕላን ማንኛውም ተጓዥ ነው። «ፓሴንጀር» ግን ሌላ ሰው በሚነዳው ላይ የተሳፈረ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ አብረውን ደሴ ቢገቡም ፓሴንጀር አይባሉም። እኛም መናኸሪያ ስንወርድ ፓሴንጀርነታችን ያበቃል፤ ቤት እስክንገባ ግን ትራቨለር ነን። ሰበታ እያደረ በየቀኑ አዲስ አበባ የሚመላለሰው «ኮሚውተር» ነው። ለዒባዳ የሚጓዘው «ፒልግሪም» እንጂ «ቱሪስት» አይደለም፤ ሐጅ ያደረገን ሰው ቱሪስት ብለን ከጻፍን አንባቢው ለመዝናናት የሄደ ይመስለዋል።

ከባዱ «ኤሚግራንት» እና «ኢሚግራንት» ላይ ነው። ነህው የቀራን ሰዎች ግን ቶሎ ይገባናል። በዐረብኛ «ሃጀረ» ከሚለው ግስ በኋላ «ሚን» ሲመጣ የተለቀቀውን አገር፣ «ኢላ» ሲመጣ የተገባበትን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ከላቲን በወረሰው መንገድ ይህንኑ መስተዋድድ ከቃሉ ፊት አጣብቆታል፤ «ኤ» መውጣት፣ «ኢም» መግባት ነው። ከወሎ ተነስታ ካናዳ የሰፈረች እህት ለኢትዮጵያ ኤሚግራንት፣ ለካናዳ ኢሚግራንት ናት። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ በጆሮ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ሲጻፍ የመጀመሪያው አንድ «ኤም»፣ ሁለተኛው ሁለት «ኤም» አለው።

ኢሚግራንት ለመኖር የገባ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከሰዋስው አልፎ ሕግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክትን ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያሳምን ድረስ ኢሚግራንት ነው ብሎ ይገምታል። የተማሪ ቪዛ፣ ማለትም ኤፍ-1፣ «ነንኢሚግራንት» ከሚባሉት ወገን ነው፤ ዲቪ ግን የኢሚግራንት ቪዛ ነው። ስለዚህ ለኤፍ-1 የሚያመለክት ተማሪ ራሱን «ኢሚግራንት ስቱደንት» ብሎ ቢጽፍ በገዛ እጁ የሚከለከልበትን ምክንያት ያቀርባል። ትክክለኛው «ኢንተርናሽናል ስቱደንት» ነው።

«ማይግራንት» ሰፊ ቃል ነው፤ የሚሰፍረውንም የሚመለሰውንም ይይዛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ስፖንሰርነት የሚሠሩ ወገኖቻችን «ማይግራንት ወርከር» ይባላሉ። በዚያው ከተማ በኮንትራት የሚሠራው አውሮፓዊ መሐንዲስ ግን «ኤክስፓት» ነው። ሁለቱም ለሥራ መጥተው ውላቸው ሲያልቅ የሚወጡ ናቸው። በእኛ እይታ ይህን ልዩነት ያመጣው ደመወዝና ፓስፖርት ነው እንጂ መዝገበ ቃላት አይደለም።

«ሪፊውጂ» በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ነው። ድንበር ካልተሻገረ ተፈናቃይ እንጂ ሪፊውጂ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቀው ደግሞ «አሳይለም ሲከር» ይባላል።

የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች እናስብ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የቁረይሽን ግፍ ሸሽተው ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገቡ። የቁረይሽ መልእክተኞች «አስረክበን» ብለው ሲመጡና ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነጃሺ ፊት ሲናገሩ፣ በዛሬ አጠራር አሳይለም ሲከር ነበሩ። ነጃሺ አላስረክብም ሲሉ ሪፊውጂ ሆኑ። ስደተኛን ወደሚሳደድበት አገር መመለስን የ1951ዱ ስምምነት በአንቀጽ 33 ይከለክላል። ጃዕፈር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሐበሻ ሲነሱ የሄዱት ወደ መዲና እንጂ ወደ መካ አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ አገሩ ለተመለሰ ሰው የሚነገረው «ሪተርኒ» የሚለው ቃል ለእሳቸው አይሆንም።