ብልጭታው የት ጠፋ? ከአሮጌ ቮልስ ጋር ያመሸሁበት ሐሙስ

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የማወራው ስለ ኮድ ነው። ዛሬ ግን ሞተሯ አካባቢ አንድም ኮምፒውተር የሌለባትን መኪና ይዤ መጥቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል፣ አገር ቤት ቮልስ የምንላት። አባዬ ለሁለት ሳምንት ፍራንክፈርት ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የነዱት ይህችኑ ዓይነት ስለሆነ፣ ቅዳሜ በእሷ ወደ ራይን ወንዝ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ። ሐሙስ ማታ አልነሳም አለች።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ የቤንዚን ሽታ መጣ። ነዳጅ እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ ወደ ብልጭታው ዞረ።

አሠራሩን ላስረዳችሁ። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍተት ለመዝለል ግን በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያመጣው ኮይል ነው። በውስጡ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ ጥቂት ዙር፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ እጅግ ብዙ ዙር። በወፍራሙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ኤሌክትሪኩ ድንገት ሲቋረጥ መስኩ ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የሚያቋርጠው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው ኮንታክት ነው፤ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ዘዴ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በቻርልስ ኬተሪንግ ስም ይጠራል።

በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አዲስ ኮይል ማዘዝ ነበር፤ ከሁሉም ያረጀው ዕቃ እሱ ነዋ። አባዬ ግን፣ "መጀመሪያ ብልጭታውን እየው እንጂ" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሎግ ሳያነብ ኮድ የሚቀይር ሰው ሆኜ ነበር።

ትርፍ ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክቼ፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ አሰርኩትና ቁልፉን አዞርኩ። (በእጃችሁ አትያዙት። ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታም አትሞክሩት።) ጤነኛ ብልጭታ ሰማያዊ ነው፣ ጠጭ ጠጭ ሲልም ይሰማል። የእኔው ቀጭን፣ ቢጫና ድምፅ አልባ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ፕሮግራመሮች ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ የፍለጋውን መስመር መሃል ላይ ቆረጥኩት። ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የሚሄደውን ዋና ገመድ ነቅዬ ያንኑ ሙከራ በቀጥታ በሱ ላይ ደገምኩ። እዚህ ብልጭታው ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ክዳኑ፣ ሮተሩ ወይም የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ይሆን ነበር። እሱም ቢጫ ሆነ። በአንድ ሙከራ ሦስቱም ከተጠርጣሪነት ወጡ።

ቀጥሎ መልቲሜትር። የጀርመን ኮይሎች ላይ 15 የሚል ቁጥር ያለበት ጫፍ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው፣ 1 የሚለው ወደ ኮንታክቱ የሚሄደው። ቁልፉ ሲከፈት 15 ላይ 12 ቮልት አለ። ማርሽ አለመግባቱን አረጋግጬ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያልኩ ሳዞረው፣ 1 ላይ ያለው ንባብ ኮንታክቱ ሲዘጋ ወደ ዜሮ፣ ሲከፈት ወደ 12 ይመላለሳል። ዜሮና አንድ፣ በብረት የተሠራ ቢት! (ኮንታክቱ እንደተዘጋ ቁልፉን ከፍታችሁ አትቆዩ፤ ኮይሉ ይግላል።) ሽቦዎቹን ፈትቼ የወፍራሙን ጥምጥም ስለካ 3.4 ኦም፣ ደህና ነው። ይህ ልኬት ኮይሉ ሲሞቅ ስለሚሆነው ምንም አይነግርም፤ እኛ ግን የምንሞክረው በቀዝቃዛ ሞተር ነበር።

ታዲያ ሁሉም ደህና ከሆነ ብልጭታው ለምን ደከመ? ጋራዡ ጨለም ብሏል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስቼ፣ የኮይሉን ዋና ገመድ ከብረት ጋር አስነክቼ ቁልፉን ላዞር ገባሁ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አባዬ እዚያ ቆመው ያያሉ። "እዚህ ጋ ይበራል!" አሉ። "ብልጭታው እዚህ ምን ይሠራል?"

ኮንታክቱ በተከፈተ ቁጥር መሃሉ ላይ ደማቅ ብልጭታ ይዘል ነበር። እዚያ ትንሽ ብልጭታ ያለ ነው፣ እንዲህ ያለ ግን አይደለም። ኮንታክቱ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ወዲያው መቆም አይፈልግም፤ ክፍተቱን ዘልሎ ሊቀጥል ይሞክራል። ያንን ተቀብሎ መቋረጡን ፈጣን የሚያደርገው ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ የታሰረው ትንሹ ኮንደንሰር ነው። እሱ ካልሠራ መስኩ ቀስ ብሎ ይፈርሳል፣ ቮልቴጁም አይወጣም። ለካንዴላው የሚገባው ጉልበት ኮንታክቱን ሲያቃጥል ይቀራል።

ኮንደንሰሩን ያልጠረጠርኩት ከወር በፊት የቀየርኩት አዲስ ዕቃ ስለነበር ነው። ኮንታክት፣ ክዳን፣ ሮተርና ካንዴላ አንድ ላይ በርካሽ በኢንተርኔት ገዝቼ በአንድ ቀን ነበር የቀየርኳቸው። አምስት ለውጥ በአንድ ኮሚት! ደግነቱ አሮጌውን አልጣልኩትም፤ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከብሎን ጋር ተቀምጧል። ሌላ ምንም ሳልነካ እሱን ብቻ መልሼ አሰርኩና የካንዴላውን ሙከራ ደገምኩ። ሰማያዊ፣ ጠጭ ጠጭ።

የተቃጠለውን ኮንታክት በቀጭን ሞረድ አጽድቼ ክፍተቱን እንደገና ለካሁ። በማግስቱ ሁለቱን ኮንደንሰሮች በመልቲሜትር ሳወዳድር አሮጌው 0.2 ማይክሮፋራድ ገደማ አሳየ፣ አዲሱ ዜሮ ለማለት ጥቂት የቀረው።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ እስከ ራይን ድረስ መቼ ማርሽ መቀየር እንዳለብኝ ሲነግሩኝ ሄዱ።