የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ራሳችን እናንብብ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ፊደል ለማስቆጠር ብቻ አልነበረም፤ ያወቅነውን ለኑሯችን እንድናውለው ጭምር ነው። ዛሬ በልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የሳምንቱን ማስታወቂያ ማንበብ እንለማመዳለን።

ምንባብ

«ለተማሪ ወላጆች በሙሉ፦ በዚህ ሳምንት የአንደኛ ክፍል ልጆች የፊደል ገበታውን አጋምሰዋል። በመጪው ማክሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች በትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ። ለአጨዳ ብላችሁ ልጆች እንዳታስቀሩ።»

ማብራሪያ

ማስታወቂያ ስናነብ አራት ነገር እንፈልጋለን፦ ምን? ለማን? መቼ? የት? አንዱ ከጎደለ መምህሩን እንጠይቅ።

ይህ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ሴት ልጆቻችንን ኋላ ከሚመጣ ገዳይ በሽታ ይጠብቃል። «መካን ያደርጋል» የሚባለው የገበያ ወሬ ውሸት ነው። በወሬ ብቻ የሚተማመን ወላጅ ግን ልጁን ቤት ያስቀራል፤ ቀኑም ያልፋል። ያነበበ ወላጅ ጠይቆ፣ አጣርቶ ይልካታል።

መልመጃ

1. ክትባቱ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?
2. ስለ ስብሰባው ሳይጻፍ የቀረው ምንድን ነው?
3. በዚህ ሳምንት የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትዎ ያንብቡለት።